የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ማንን ይከሳል?

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ የአንድ ቤት ጣሪያ ነው። ቤቱ የአክስቴ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ የሚገኝ የቀበሌ ቤት ነው፤ እርሷ ተከራይ ናት። ባለሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ከአብዮቱ በፊት አንድ ነጋዴ ለኪራይ ካሠራቸው ተርታ ቤቶች አንዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ኪራዩ የሚከፈለው ለቀበሌ ነው፤ የወሩ ኪራይ ለአንድ ኪሎ ቡና እንኳ አይበቃም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን አክስቴ ከአልጋዋ ራስጌ ሰፌድና ባልዲ ትደረድራለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው ቆርቆሮውን ሊቀይሩላት ተነሡ። ጎረቤት መክሮ አስጠነቀቃቸው፤ «ያለ ፈቃድ እንዳትነኩ» አላቸው። እኔም በዚያ ሰሞን ለጥምቀት ወርጄ ስለነበር ማመልከቻውን ጽፌ አብሬያት ሄድኩ። ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት ወደ ቤቶች፣ ከቤቶች ወደ ሕግ ክፍል ተመራ። በሦስተኛው ቀጠሯችን የሕግ ባለሙያው፣ ትሑትና ጨዋ የሆነ ወጣት፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለንና እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። ጥገና የሚያደርገው አከራዩ ነው፤ በጀት ግን የለም። እርስዎ ያለ ፈቃድ አንድ ምስማር ቢመቱ ደግሞ የምከሰው እርስዎን ነው።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ጣሪያው ተደርምሶ ቢገድለኝስ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ማንን ትከሳለህ?» አለችው።

ወጣቱ አልመለሰም። ሊመልስም አይችልም ነበር። ይህ ጽሑፍ እርሱን ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ አክስቴ የጠየቀችው ጥያቄ በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ መልስ አግኝቶ ያውቅ እንደሆነ ነው።

በቀድሞው ዘመን የመሥሪያ ቤት የሕግ ጠበቃ «ነገረ ፈጅ» ይባል ነበር። ነገርን የሚፈጅ፣ ክርክርን የሚጨርስ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱም፣ ባንኩም፣ መንገዱም የየራሳቸው ነገረ ፈጅ ነበራቸው። ዛሬ ስሙ ተለውጦ የሕግ ባለሙያ፣ ሲሻውም ዐቃቤ ሕግ ይባላል። ሥራው ግን ብዙም አልተለወጠም፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት እንዲፈርስ ይጠይቃል፤ ወሰን ያለፈ አጥር ይከሳል፤ የኪራይ ውዝፍ ያለበትን ያስለቅቃል፤ ከተማው ሲከሰስ መልስ ይሰጣል። ደንብ አስከባሪው በመንገድ ላይ የጀመረውን እርሱ በችሎት ይጨርሳል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ አዲስ አገር አይደለችም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከመሠረቷት በኋላ አንድ ትውልድ ሳያልፍ፣ ማን የት ይኑር የሚለው ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ቤተ እስራኤልንም ይኸው ትእዛዝ ነካ፤ ፈረንጆቹም እንዲወጡ ታዘዘ። ትእዛዙ ከ10 ዓመት በኋላ መደገሙ በመጀመሪያው ጊዜ እምብዛም እንዳልተፈጸመ ያሳብቃል። በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው አዲስ ዓለም የዚያ ውሳኔ ትዝታ ነው። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «የመሬት አጠቃቀም ምደባ» የሚሉት ነገር በጎንደር የጀመረው እንግዲህ ሰውን በሃይማኖቱ በመለየት ነው። ይህን የምጽፈው በዛሬ ዓይን ፈርጄ ለመቆጣት አይደለም፤ የቤት ሕግ ከመነሻው የጤና ወይም የደኅንነት ሕግ ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው።

ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱ ያምራል። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጎንደርና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የቤትና የመሬት ሽያጭ ውሎች ተጽፈው ይገኛሉ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ብዙዎቹን ሰብስቦ አጥንቷል። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ዋጋው በስንት ወቄት ወርቅ ወይም በስንት አሞሌ እንደተቆረጠ፣ ዋሱና እማኙ እነማን እንደነበሩ ይዘረዝራሉ። ሴቶች በገዢነትም በሻጭነትም ይታያሉ። የእማኞቹ ዝርዝር አንዳንዴ ከውሉ ይረዝማል። ነገረ ፈጅ የሚባል ሹም የለም፤ ነገሩን የሚፈጀው እማኙ ነው። ውሉን የሚጠብቀው ደግሞ ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና ነው፤ ማን ደፍሮ ይፍቀዋል? ከመንግሥት ቁጣ የሸሸ ሰው የሚጠጋበት ሰፈርም ነበር፤ የእጨጌ ቤት። እጨጌው በሚያስተዳድረው በዚያ ክልል የሸሸ ሰው አይነካም፤ የባለጠጋ ንብረትም እዚያ በአደራ ይቀመጥ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ የንጉሡ እጅ የማይደርስበት ቦታ መኖሩን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከተማዋ በሰላም ጊዜ 10,000 ያህል ቤተሰብ እንደሚኖርባት፣ ቤቶቿም በአብዛኛው የጭቃ፣ ጣሪያቸውም ሾጣጣ የሣር ክዳን እንደሆነ ጽፏል። ሣር ለእሳት ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማዋን ሲያቃጥሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ድርቡሾች ሲመጡ የተረፈው ድንጋይ ድንጋዩ ነው። ጎንደር ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የፍርስራሽ ከተማ ሆና ኖረች።

ጣልያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲገባ ይህን ፍርስራሽ የአማራ ገዥነት ዋና ከተማ አደረገው። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን ነደፈ፤ ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ የጨጨላ ቪላዎች የዚያ አምስት ዓመት ሥራዎች ናቸው። ፕላኑም እንደ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሰውን ለየ፤ አሁን ግን በቀለም። ነጩ ከፍ ባለው ቦታ፣ «ተወላጁ» በሌላው። በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን ሲሰጥ፣ ከተማዋ ከሁለት ዓይነት ቤት ጋር ቀረች፤ ሕንፃ ሹም ሊቆጣጠረው በሚችለው የኖራና የድንጋይ ቤት፣ እንዲሁም ማንም ሕግ አስቦት በማያውቀው የጭቃ ቤት።

ከነጻነት በኋላ ጎንደር ለአጭር ጊዜ ከሌሎች ከተሞች ተለይታ ታየች። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ከተሞች ብሎ የለየው አዲስ አበባንና ጎንደርን ነበር፤ የሁለቱም ሹም ከንቲባ ይባላል። ይህ ማዕርግ ራሱ ከጎንደር የተገኘ ጥንታዊ ማዕርግ ነው፤ አዲስ አበባ የተዋሰችው ከእኛ ነው ብለን ብንኮራ አያስነውርም። ቀጥሎ የመጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጎረቤት ጋር ስለሚያጋጭ ጢስና ጫጫታ ሳይቀር ደነገገ፤ አከራይ ያከራየውን ቤት ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲያስረክብና እንዲጠብቅ አስገደደ። በዚያ ዘመን የአክስቴ ቤት አከራይ ያ ነጋዴ ነበር። ጣሪያው ቢያፈስ የሚከሰስ ሰው ስም ነበረው፤ በርም ነበረው። እርግጥ ነው፣ ስንቱ ተከራይ ደፍሮ ከሰሰ ብትሉኝ ጥቂት እላለሁ። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ በአከራዩና በተከራዩ መካከል ሦስተኛ ሰው ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅም ሁለቱንም በአንድ ዓይን ሊያይ ይችል ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህ ሦስተኛ ሰው ጠፋ።

አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ይያዝ፤ ከአንድ በላይ ቤት ያለው ትርፉን ይልቀቅ ተባለ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። እስከ 300 ብር ይከፍል የነበረ ተከራይ እንደ ደረጃው ከ15 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ አገኘ። የዚያን ቀን ደስታ የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ፤ አክስቴ አንዷ ናት። በየወሩ መባቻ በር ከሚያንኳኳ አከራይ መገላገል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይህን አዋጅ በአንድ ቃል «ዝርፊያ» ብለው የሚዘጉት ሰዎች ያን በር አንኳኪ አያውቁትም ወይም ራሳቸው ነበሩ። ሆኖም በቅናሹ ውስጥ መርዝ ነበር። ከተቀነሰው ኪራይ ጥገና አይወጣም፤ ቀበሌውም ገንዘቡን ለሌላ ሕዝባዊ ሥራ እንዲያውለው ተፈቅዶለታል። ቤቱ በየክረምቱ እየወደቀ፣ ኪራዩ ባለበት እየቆመ፣ 50 ዓመት ሞላ።

ክርክር ሲነሣ ደግሞ የሚዳኘው የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ነበር። በአዋጅ 47 ተቋቁሞ በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ 104 የተስፋፋው ይህ ሸንጎ በከተማ ቦታና ቤት ክርክር ላይ ሥልጣን ነበረው። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱ የቀበሌ፣ ኪራዩ ለቀበሌ፣ ዳኛውም የቀበሌ። «በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይባል በነበረበት አገር፣ የሕጉ አምላክ፣ ባለቤቱና ዳኛው በአንድ ወንበር ተቀመጡ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሸንጎው ቀረ፤ መደበኛው ፍርድ ቤት ተመለሰ። ያለ አዋጅ የተወሰዱ ንብረቶችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 110 በ1987 ዓ.ም. ወጣ፤ በአዋጁ መሠረት የተወረሱት ግን እንደተወረሱ ቀሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ ፖሊሲው ይጥራል አለ። ለአንድ ነገረ ፈጅ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው፤ በአንቀጽ 40 ክስ ይመሠረታል፣ በአንቀጽ 90 ንግግር ይደረጋል።

ከዚያ የሕግ መሣሪያው በረከተ። የቅርስ አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የሠፈረ ስለሆነ በዙሪያው ያለ ነዋሪ አጥሩን ለማደስም ሁለት መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ «የሕንፃ ሹም» የሚባል ባለሥልጣን ፈጠረ፤ አደገኛ ሕንፃ እንዲጠገን ወይም እንዲፈርስ የማዘዝ ሥልጣን ሰጠው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በሕገወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ የ7 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ብቻ፣ ባለይዞታው ባይገኝም በቤቱ ላይ በመለጠፍ፣ ማስለቀቅ እንደሚቻል ደነገገ። በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ሲነጋ የሚገኘው «የጨረቃ ቤት» በ7 ፀሐይ ይፈርሳል ማለት ነው።

ለመሆኑ የጨረቃ ቤት የሚሠራው ማን ነው? ከወገራና ከዳባት፣ ከአርማጭሆና ከበለሳ የወረደ ገበሬ ነው፤ የተከፋፈለ ኪራይ መክፈል ያቃተው አዲስ ጎጆ ወጪ ነው። ደጋ ላይ ቤት በደቦ ይሠራል፤ ጎረቤት ድንጋዩን ይሸከማል፣ ባለቤቱ ጠላውን ይጠምቃል፣ ማታ ጎጆው ይቆማል። ፈቃዱ የጎረቤቱ መምጣት ነው። ከተማ ሲገባ ይኸው ልማድ ወንጀል ይሆንበታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ፣ 418 አባወራዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከደቦ ወደ ማመልከቻ ተሻገሩ። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ቦታም ተሰጥቷቸዋል፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ነገር ግን ለዋሊያ መኖሪያ ሲባል መንደር ለማንሣት የተገኘው ትጋት ለአክስቴ ጣሪያ አለመገኘቱ ይገርመኛል። ዋሊያው የሚሟገትለት ዓለም አቀፍ ጠበቃ አለው።

የሕግ መሣሪያዎቹን ሁሉ ደርድረን ስናያቸው አንድ ነገር ይታያል። ሁሉም ወደ ታች ይተኩሳሉ። የሕንፃ ሹሙ አደገኛ ሕንፃ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ በከተማዋ ካሉት እጅግ አደገኛ ቤቶች ብዙዎቹ ግን የራሱ መሥሪያ ቤት ንብረት ናቸው። ለራሱ ደብዳቤ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ ይቀበል?

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ የተወለደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1901 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሕግ ያወጣችው መስኮትና መጸዳጃ የሌላቸውን ቤቶች የሚያከራዩ ባለጠጎችን ለመያዝ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ ከዩ ስትሪት ሽቅብ ጥቂት ተጉዞ በሚገኘው ክሊፍተን ቴራስ የሚኖሩ ተከራዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ኪራይ አንከፍልም አሉ፤ በቤቶቹ 1,500 ያህል የደንብ ጥሰት እንዳለ እናስረዳለን ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዳኛ ስኬሊ ራይት የጻፉት ፍርድ፣ አከራይ ደንቡን ያሟላ ቤት ካላቀረበ ሙሉ ኪራይ የመጠየቅ መብት እንደሌለው አጸና። እዚያ የከተማው ጠበቃ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአከራዩ ላይ ነው።

«ፈረንጅ አገር ነዋ!» እንዳትሉኝ፤ እዚያም ከተማው ራሱ አከራይ በሆነበት ቦታ በሽታው አንድ ነው። የኒውዮርክ ከተማ የቤቶች ባለሥልጣን የአገሪቱ ትልቁ የሕዝብ ቤት አከራይ ነው። ሻጋታው፣ የማይሠራው ማሞቂያ፣ ሕፃናትን የሚመርዘው የእርሳስ ቀለም ለዓመታት ሲነገር ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የከሰሰው የፌደራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የከተማው ጠበቃ አይደለም። በ2019ም ከውጭ ተቆጣጣሪ ተሾመበት። የከተማው ጠበቃ ክፉ ሰው ስለነበር አይመስለኝም፤ ደመወዝ ከፋዩን መክሰስ የማንም ነገረ ፈጅ ሥራ ስላልሆነ ነው።

ከላይ የእጨጌ ቤትን ያነሣሁት ለዚህ ነው። የድሮዎቹ ጎንደሬዎች ከሁሉ በላይ የሆነ ኃይል ባለበት ከተማ፣ ያ ኃይል የማይገባበት አንድ ደጃፍ እንደሚያስፈልግ ገብቷቸው ነበር። የእኛ ዘመን ደጃፍ የት ነው? የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቁሟል፤ መርምሮ ያሳስባል እንጂ አያስገድድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ውሳኔ በፍርድ ቤት ለማስከለስ በር ከፈተ፤ በሩ ግን ለፌደራል መሥሪያ ቤቶችና ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ጎንደር ክልል ናት። አንድ የክልል ምክር ቤት ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ «ጠግኑ ወይም እንድጠግን ፍቀዱ» የሚል ትእዛዝ ከዳኛ ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ወጪ የለውም። የሚያስፈልገው የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ አልፎ አልፎ ተሸንፎ ወደ ቢሮው እንዲመለስ መፍቀድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ጎንደርም ደርሷል፤ የፋሲል ግቢም ታድሷል፤ መታደሱ ያስደስታል። ግንቡ ጣሪያ ሲያገኝ ማየት ደስ የማይለው ጎንደሬ የለም። ግን አንድ የሕግ ጥያቄ አስከትሏል። መንገድ ዳር ያለ የቀበሌ ቤት ሲነሣ፣ ቤቱ የመንግሥት ነውና የቤቱ ካሳ የተከራዩ አይደለም። 50 ዓመት የኖረችበት ቤት ቢፈርስ አክስቴ በሕግ ዓይን ያጣችው ነገር የኪራይ ውል ነው።

የአክስቴን ጣሪያ ጉዳይ ላብቃ። ማመልከቻው አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ልጆቿ አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ጨረቃ በወጣችበት፣ ከጎረቤት ጎልማሶች ጋር ሆነው ቆርቆሮውን ቀየሩት። ምስማሩ እንዳይሰማ መዶሻው ላይ ጨርቅ ጠቀለሉ። አዲሱ ቆርቆሮ እንዳያበራም ጭቃ ቀቡት። ሰኞ ደንብ አስከባሪዎቹ በበሩ አለፉ፤ አንደኛው ቀና ብሎ አየ፤ አክስቴንም አየ፤ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።